በፈተና ውጤት የዕድልን ድርሻ እንዴት ማጥበብ ይቻላል፦ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞችና ለወላጆች

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተለቀቀ ሰሞን በየቤቱ የሚሰሙት ቃላት ሁለት ናቸው፤ ላለፈው «ቀናው»፣ ላላለፈው «አልቀናውም» ይባላል። ወላጅ ልጁን ሊያጽናና ሲፈልግ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ይላል፤ ጎረቤትም «ምን ይደረግ» እያለ ያግዘዋል። አነጋገሩ ርኅራኄ ያለበት ስለሆነ አልነቅፈውም። ሆኖም ለብዙ ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር እንደታዘብኩት፣ ዕድል የሌለበትም ጥፋት ሁሉ በዕድል ይሳበባል። በሌላ በኩል «ዕድል የሚባል ነገር የለም፤ ያጠና ያልፋል» የሚሉ አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ እውነቱን በሙሉ አልተናገሩም። በፈተና ውስጥ ዕድል አለ፤ መጠኑ ግን ሊሰላ ይችላል፤ ከተሰላ በኋላም ሊጠብ ይችላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህ እንዴት እንደሚደረግ ነው።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ኩረጃና የፈተና ስርቆት ውጤቱን ያዛቡት ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ ተማሪዎች እንደገና ለመፈተን መገደዳቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያን ጊዜ «ቀናው» ሲባል ከጎኑ ጎበዝ ልጅ ተቀምጦለት፣ ወይም ከፈተናው በፊት በስልክ የሚዞር መልስ ደርሶት ሊሆን ይችል ነበር። አሁን ይህ በር በእጅጉ ጠብቧል። ስለዚህ የቀረው ዕድል ምን ዓይነት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚያወዛውዝ ማወቅ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይጠቅማል።

ዕድል ምን ያህል ነው?

60 ጥያቄዎች ያሉትና እያንዳንዱ ጥያቄ አራት አማራጭ ያለው አንድ ፈተና እናስብ። ምንም ያላጠና ተማሪ ሁሉንም በግምት ቢያጠቁር በአማካይ 15 ያገኛል። በጣም ከቀናው 22 ገደማ ይደርሳል፤ ካልቀናው ወደ 8 ይወርዳል። በግምት ብቻ 30 መድረስ ግን ከአሥር ሺህ ተፈታኞች ለአንዱ እንኳ የማይደርስ ነገር ነው። አንዳንድ ተማሪዎች «ሁሉንም ሐ ብዬ ብሞላ ይሻላል» ሲሉ እሰማለሁ፤ በአንድ ፊደል መሙላትም ሆነ ፊደል እያፈራረቁ መሙላት በአማካይ የሚያደርሰው እዚያው ሩብ ላይ ነው። እንግዲህ ባዶ እጁን የገባን ተማሪ ዕድል አያሳልፈውም።

አሁን ደግሞ ያጠኑትን እንመልከት። አንድ ተማሪ ከትምህርቱ 60 ከመቶውን በሚገባ ያውቃል እንበል። ከ60 ጥያቄዎች በአማካይ 36 ይመልሳል፤ ነገር ግን የቀረቡት ጥያቄዎች ከሚያውቀው ወይም ከማያውቀው ክፍል በብዛት ሊመጡ ስለሚችሉ ውጤቱ ከ28 እስከ 44 ባለው መካከል ሊዋዥቅ ይችላል። 90 ከመቶ የሚያውቀው ጓደኛው በአማካይ 54 ያገኛል፤ የሱ ውጤት የሚዋዥቀው ከ49 እስከ 59 ባለው ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ዝግጅት አማካዩን ከፍ ማድረጉን ሁሉም ያውቃል፤ ብዙዎች የማያስተውሉት ዕድል የሚጫወትበትን ሜዳ ራሱን ማጥበቡን ነው። ባወቃችሁ ቁጥር የትኛው ጥያቄ ይመጣ ይሆን የሚለው ሥጋት ጉልበት እያጣ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ግን የሚከተለውን ስሌት ነው። ፈተናው ስድስት ትምህርት፣ እያንዳንዱም 60 ጥያቄ ነው ብለን ብናስብ፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ከሆነ፣ በአማካይ 50 ከመቶ መመለስ የሚችል ተማሪ የማለፍና የመውደቅ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። 52 ከመቶ የሚመልሰው ከአምስት ጊዜ አንዱን ያህል ይወድቃል። 55 ከመቶ የሚመልሰው የሚወድቀው ከመቶ ጊዜ ሦስቱን ያህል ነው። 60 ከመቶ የሚመልሰው ደግሞ በመጥፎ ዕድል ምክንያት ብቻ ይወድቃል ማለት ከባድ ነው። በእርግጥ ጥያቄዎች እንደ ሎተሪ ዕጣ ስለማይበተኑ፣ አንዱን ምዕራፍ ያላነበበ ሰው ከዚያ ምዕራፍ የሚመጡትን ሁሉ በአንድነት ስለሚያጣ፣ እውነተኛው መዋዠቅ ከዚህ ይሰፋል። ዋናው ነገር ግን አይለወጥም። ዕድል የሚበረታው በአጥሩ ላይ በቆመ ተማሪ ላይ ነው፤ የዝግጅትም ተግባር ከአጥሩ ራቅ አድርጎ ማቆም ነው።

ይህን ለማስረዳት አንድ ተማሪዬን አነሣለሁ። ከ600 298 አምጥቶ ቢሮዬ ድረስ መጣና አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በመጨረሻ «ዕድሌ ነው፣ ቲቸር» አለ። ሁለት ነጥብ ብቻ ስለጎደለው ያን ማለቱ ሊገርመን አይገባም። ከፈተናው በፊት የሠራቸውን የሦስት ሞዴል ፈተናዎች ውጤት ንገረኝ ስለው መጀመሪያ የጠራልኝ 322ን ነበር። ሌሎቹን ስጠይቀው 305 እና 291 መሆናቸውን ነገረኝ። ሦስቱን በወረቀት ላይ በመሥመር አስቀምጬ 298ን መካከላቸው ጻፍኩለት። ዕድል ምንም እንግዳ ነገር አላደረገበትም፤ እርሱ 322 የሆነውን ቀን ራሱን አድርጎ ሲቆጥር ቆይቶ ነበር እንጂ 291 የሆነው ቀንም የሱ ነበር።

ዝቅተኛውን ውጤት መለኪያ አድርጉ

የመጀመሪያው ተግባር ከዚህ ይከተላል። ከፈተናው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ጀምራችሁ ቢያንስ አራት ሙሉ ሞዴል ፈተና፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ፣ መጽሐፍ ዘግታችሁ ሥሩ። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ለዚህ ከሁሉም ይሻላሉ፤ ነገር ግን መልሱን በቃላችሁ የያዛችሁትን ፈተና ደግሞ መሥራት ራስን መሸንገል ስለሆነ ያልነካችኋቸውን አስቀምጡ። ከዚያም ከአራቱ አማካዩን ወይም ከፍተኛውን ሳይሆን ዝቅተኛውን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ዝግጁ ነን ማለት የምትችሉት ዝቅተኛው ውጤታችሁ ከማለፊያው በደንብ ሲበልጥ ነው። ያ ተማሪዬ በሚቀጥለው ዓመት በግል ተመዝግቦ ሲዘጋጅ ዝቅተኛው 334 እስኪሆን ድረስ አልተፋታኝም፤ እውነተኛው ፈተና የሰጠው ደግሞ 347 ነበር።

ምዕራፍ መዝለል

ተማሪዎች ዕድልን በገዛ እጃቸው የሚያሰፉበት ዋናው መንገድ «ከዚህ ብዙ አይመጣም» እያሉ ምዕራፍ መዝለላቸው ነው። ከላይ ያነሣሁት ልጅ የፕሮባብሊቲን ምዕራፍ እንዳለ ዘልሎት ነበር፤ ምክንያቱ ባለፈው ዓመት የተፈተነ ጎረቤቱ «ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የመጣው» ስላለው ነው። አንድ ዓመት ሁለት የመጣበት ምዕራፍ በሌላ ዓመት አምስት ሊመጣበት ይችላል። በስድስት ትምህርት ሁለት ሁለት ምዕራፍ የዘለለ ሰው አሥራ ሁለት ቦታ ላይ ዕጣ ጥሏል ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን መድቡና የ9ኛ፣ የ10ኛ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍትን ማውጫ ፊት ለፊታችሁ አስቀምጣችሁ የምዕራፎቹን ስም በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ገልብጡ። በየምዕራፉ ከመልመጃው አምስት ጥያቄ ምዕራፉን ሳታነቡ ሞክሩ። አራትና ከዚያ በላይ የመለሳችሁበትን በአረንጓዴ፣ ሁለት ወይም ሦስት የመለሳችሁበትን በቢጫ፣ ከዚያ በታች የሆነውን በቀይ አቅልሙት። አሁን አንድ ነገር እመክራለሁ፤ አረንጓዴውን ደጋግሞ ማንበብ ደስ ይላል፣ ልብንም ያሞቃል፣ ነጥብ ግን አይጨምርም። በመጀመሪያ ወደ ቢጫው ሂዱ፤ ምክንያቱም በግማሽ የምታውቁትን ነገር ሙሉ ማድረግ ከሁሉ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ቀጥሎ ቀዩን ያዙ፤ ከቀዩ ምዕራፍ ከባዱን ክፍል ባትችሉት እንኳ መሠረታዊ ትርጉሞቹንና ቀላል ጥያቄዎቹን ያዙ። ባዶ የቀረ ምዕራፍ አይኑራችሁ።

ማንበብና ማስታወስ የተለያዩ ናቸው

ሌሊቱን ሙሉ ሲቸክል አድሮ ፈተናው ላይ «አውቀው ነበር፣ ጠፋብኝ» የሚል ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። ይህንንም በዕድል ያመካኙታል። ነገሩ ግን የታወቀ ምክንያት አለው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ሙከራ፣ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ከፊሎቹ ደግመው እንዲያነቡት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት 81 ከመቶ፣ የጻፉት 75 ከመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት ወደ 42 ከመቶ ሲወርዱ ሳያዩ የጻፉት 56 ከመቶ ይዘው ተገኙ። ሽምደዳ ወዲያው ያበራል፣ በሳምንቱ ይጠፋል፤ የብሔራዊ ፈተና ደግሞ በሳምንቱና በወሩ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ አንድ ክፍል ካነበባችሁ በኋላ ደብተሩን ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ጻፉ፤ ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ያንኑ ክፍል ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ እንዲሁ ድገሙት። ወረቀት ለመግዛት የሚቸገር ተማሪ በአሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ወይም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢሠራው ውጤቱ ያው ነው።

ከዚህ ጋር የስህተት ደብተር ያዙ። ሦስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ጥያቄው፣ የሰጠሁት መልስ፣ የተሳሳትኩበት ምክንያት። ዋናው ሦስተኛው ዓምድ ነው፤ እዚያም «አላወቅኩትም» ወይም «ተቻኮልኩ» ብላችሁ አትለፉ። የዚያ ልጅ ደብተር አንድ ገጽ አሁንም ይታየኛል። አንድ የሎጋሪዝም እኩልታ ፈትቶ 4 እና −2 አግኝቶ ሁለቱንም የያዘውን አማራጭ መርጧል። መጀመሪያ በሦስተኛው ዓምድ የጻፈው «ዕድል» የሚል ነበር። አስጠፋሁትና እንደገና ሲጽፍ «አሉታዊ ቁጥር ሎጋሪዝም እንደሌለው እያወቅኩ ያገኘሁትን ቁጥር ወደ እኩልታው መልሼ አላስገባሁም» አለ። ከዚያ በኋላ ያገኘውን ቁጥር ሁሉ መልሶ እያስገባ ማየት ልማዱ ሆነ፤ በዚያው ገጽ ላይ ተመሳሳይ ስህተት ሦስት ጊዜ ተጽፎ ነበር፣ በሚቀጥሉት ገጾች ግን አላገኘሁትም።

ማጥናት የማይቀይረው ዕድል

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ዓይነት ዕድል በቅንነት መናገር ይገባኛል። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከተማሩት በሺዎች ከሚቆጠሩ ልጆች መካከል ሰነፍ ያልሆነ አንድም አልነበረም ማለት አይቻልም። ቤተ ሙከራ ሳያይ ኬሚስትሪ የተማረ፣ የፊዚክስ መምህር ሳይኖረው ሴሚስተር ያለፈ፣ መጽሐፍ ለአራት ልጅ አንድ የደረሰው፣ በጦርነት ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበት ተማሪ፣ ከተማ ውስጥ ቲቶሪያል እየተከታተለ ከሚያድገው ጋር እኩል መነሻ አልነበረውም። የት እንደሚወለድ የመረጠ ልጅ የለም። ለእንዲህ ያለው ተማሪ «ስላላጠናህ ነው» ማለት ግፍ ነው፤ እኔም አልለውም።

የምለው ይህን ያህል ነው፤ መጽሐፉ ካልደረሳችሁ የትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍት በዲጂታል መልክ ስለሚገኙ አንድ ስልክ ያለው ሰው ለአምስት ተማሪ አውርዶ ሊያካፍል ይችላል። መምህር በሌለበት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የገባ የአካባቢያችሁን ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ያዙት፤ በሁለት ሳምንት ሁለት ምዕራፍ ቢያስረዳችሁ ትልቅ ነገር ነው። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ምዕራፍ ተከፋፍላችሁ አንዱ ለሌላው ያስተምር፤ ሊያስተምር የተዘጋጀ ሰው ራሱ አይረሳውም። ወላጆችም ቢሆኑ፣ በተለይ በሴት ልጆች ላይ፣ የቤቱን ሥራ ለሦስት ወር ብቻ ብታቀሉ ለልጃችሁ ዕድል ፈጠራችሁ ማለት ነው። ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ወንድሞቿን አብልታ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ደብተር የምትከፍት ልጅ ከተኛው ወንድሟ ጋር በአንድ ሚዛን ልትመዘን አይገባትም።

በፈተናው ቀን

የመግቢያ ካርዳችሁን፣ እርሳሳችሁን፣ ላጲሳችሁንና መቅረጫችሁን ከጉዞው በፊት በአንድ ቦርሳ አኑሩ፤ የሚከለከሉ ዕቃዎችን ዝርዝር አስቀድማችሁ አንብቡ። ከመጨረሻው ሌሊት ችከላ ይልቅ እንቅልፍ ይበልጣል፤ በዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም።

ፈታኝ ሆኜ ስቆም ደጋግሜ ያየሁት አንድ ጥፋት ግን አለ። ተማሪው 17ኛውን ጥያቄ ዘልሎ ያልፍና የ18ኛውን መልስ በ17ኛው ረድፍ ያጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ረድፍ ወደ ላይ ይገፋል። ይህን ያወቀው ሰዓቱ ሲያልቅ ከሆነ የሚያለቅስበት ጊዜ እንኳ የለውም። በየአሥር ጥያቄው ቆም ብላችሁ የጥያቄውን ቁጥርና የመልስ መስጫውን ቁጥር አስተያዩ፤ አምስት ሰከንድ ነው የሚወስደው።

ለስህተት ነጥብ የማይቀነስ ከሆነ፣ ይህንንም በፈተናው ሽፋን ላይ ካለው መመሪያ አረጋግጡ፣ አንድም ክብ ባዶ አትተዉ። ግምትም ቢሆን ዝግጅት አለው። ከ60 ጥያቄዎች 30ውን በእርግጠኝነት የምታውቁ ከሆነ የቀሩትን በዘፈቀደ ብትሞሉ በአማካይ ወደ 37 ትደርሳላችሁ። ነገር ግን ከቀሩት 30 ውስጥ በ20ዎቹ ላይ ሁለት ሁለት የማይሆኑ አማራጮችን መሰረዝ ከቻላችሁ አማካዩ ወደ 42 ይወጣል። የማይሆነውን መለየት የሚችለው ምዕራፉን ቢያንስ በግማሽ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ቀዩን ምዕራፍ ባዶ አትተዉት ያልኩት ለዚህ ጭምር ነው።

«የመጀመሪያ መልስህን አትንካ» የሚለውን ምክር መምህራንም እናዘወትረዋለን፤ እኔም ለዓመታት ስለው ኖሬያለሁ፤ ስህተት ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የ1,561 ተማሪዎች የፈተና ወረቀት ተመርምሮ፣ ከተለወጡት መልሶች 51 ከመቶ ከስህተት ወደ ትክክል፣ 25 ከመቶ ከትክክል ወደ ስህተት የሄዱ ሆነው ተገኝተዋል። ቀይረን የተሳሳትነው ስለሚያንገበግበን እርሱ ብቻ ይታወሰናል፤ ቀይረን ያገኘነውን እንረሳዋለን። ስለዚህ ምክንያት ካገኛችሁ ቀይሩ። ምክንያት ሳይኖር በፍርሃት ብቻ ግን አትቀይሩ፤ ስትቀይሩም የመጀመሪያውን ክብ ፈጽሞ እስኪጠፋ በላጲስ አጥሩት።

ጸሎት የሚያደርግ ያድርግ፤ ስለት ያለው ይሳል። እኔም ተማሪዎቼን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሲነሣ በየዓመቱ እጸልያለሁ። ልብ የረጋለት ተማሪ ጥያቄን አንብቦ ይረዳል።

ውጤቱ ሲመጣ

ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ጠቅላላ ድምሩን ትታችሁ የእያንዳንዱን ትምህርት ነጥብ ከሞዴል ፈተናዎቻችሁ ጋር አስተያዩ። በአምስቱ ትምህርት የተለመደው ሆኖ በአንዱ ብቻ ከዝቅተኛ ውጤታችሁ እጅግ ወርዶ ከተገኘ፣ የረድፍ መሳሳት ወይም የእርማት ችግር ሊኖር ስለሚችል ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት በተሰጠው የቅሬታ ጊዜ ውስጥ የመለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ አመልክቱ። ሁሉም ከሞዴሉ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ግን ፈተናው የለካው ትክክል ነው፤ ቅሬታ ጊዜ ያባክናል። ከማለፊያው በጥቂቱ የወረዳችሁ፣ የዚያን ዓመት ነጥብ ካሟላችሁ ሪሚዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት ተጠቀሙበት፤ ካላሟላችሁም በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን አለ። ለዚያ የምትጀምሩት ከመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን ከቀለማቱ ወረቀትና ከስህተት ደብተሩ ነው፤ ወላጆችም በዚያ ሳምንት ልጃችሁን «ለምን ወደቅክ?» ከማለት ይልቅ «ቀዩ የትኛው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት።